የመገናኛ ደብተር ለፊርማ ብቻ ሲሆን ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ 2ኛ ክፍል፣ 60 ተማሪዎች። ወላጆች ደብተሩን ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ የልጃቸውን ድክመት የሚያውቁት ሰርተፍኬት ሲወጣ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ በየቀኑ ለሁሉም አይጻፍ። በቀን ለ12 ልጆች ከጻፉ በሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። «ጎበዝ ነው፣ ይበርታ» ለወላጅ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ይጻፉ፦ «ሊ እና ሌን ያምታታል። ማታ 10 ደቂቃ ከጋዜጣ ላይ ሌን እየፈለገ ያክብብ።» ሒሳብም እንደዚያው፦ 42 ሲቀነስ 17 ብሎ 35 የሚጽፍ ልጅ መበደር አልገባውም፤ ከ7 ላይ 2ን ቀንሷል። ስህተቱን ራሱን ገልብጠው ያሳዩ፤ ወላጅ የሚረዳው ያኔ ነው።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ፣ መስከረም ላይ የፊርማ ናሙና በመጀመሪያው ገጽ ያስፈርሙ፤ አንዳንድ ልጅ ራሱ ይፈርማል። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች የ1 ደቂቃ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ይበቃል። ውጤት ግን በጋራ ግሩፕ ላይ በፍጹም አይለጠፍ! ልጁን ያሸማቅቀዋል፣ ወላጁንም ያርቀዋል።

መልስ 3፦ ከፊርማው በላይ «ቤት ምን አያችሁ?» የሚል ባዶ መስመር ይተዉ። የሚመለሰው መልስ ለቀጣዩ ሳምንት ትምህርት ይጠቅማል።