ቪዛ ሲከለከል የተከፈለው ገንዘብ ይመለስ?

የአራሷ እህት፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አውሮፓ ነው ያለችው፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የሸንገን አገሮች በአንዱ። አገሩ ይቆየኝ። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። እናታችን አራስ ልትጠይቅ ከወሊዱ በፊት አመለከተች። የገንፎው እህል ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት መልስ መጣ፤ ተከልክላለች። ምክንያቱ ቅጹ ላይ ምልክት የተደረገበት አንድ ሳጥን ነው። ቪዛው ሳያልቅ ትወጣለች ብለን አላመንንም ነው ነገሩ። የ64 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ናት፤ ሁለት ዕድር አላት። ዕድሯን ጥላ የት ልትቀር?

መከልከል መብታቸው ነው፣ አገራቸው ነው። ግን የማመልከቻውን 90 ዩሮ ለምን አይመልሱም? በዚያ ላይ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ የሰነድ ትርጉም አለ፣ ኢንሹራንስ አለ።

ፋይል አዘጋጅ፦ እህቴ፣ አዝናለሁ። የምውለው የሰው ፋይል ሳዘጋጅ ስለሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ክፍያው የቪዛው ዋጋ አይደለም፣ ማመልከቻውን የሚያዩበት ነው። ክሊኒክ ሄደሽ ካርድ አውጥተሽ "ምንም የለብሽም" ቢሉሽ የካርዱን መልሱልኝ ትያለሽ? ደግሞ ለተከለከለው ሁሉ ቢመለስ፣ ወጪውን የሚሸከሙት ቪዛ የተመታላቸው ናቸው። በ2016 ሰኔ ላይ ነው ከ80 ወደ 90 ዩሮ የወጣው። ያኔ የት እንደሚደርስ አስቡት።

ኢንሹራንሱን ግን ጠይቂ። ብዙዎቹ የእምቢታውን ደብዳቤ ስታሳዪ ይመልሳሉ።

ዲሲ ያለሁት፦ የካርዱ ምሳሌ አልተዋጠልኝም። ሐኪም እኮ ይመረምራል! የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው። መስኮቱ ላይ የምትቆመው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የተሸከምከውን ሰነድ አንዱንም ሳይጠይቁህ ልትመለስ ትችላለህ። 214 (ቢ) የሚባለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ ደግሞ አመልካቹን ከመነሻው ሊቀር እንደመጣ ሰው ነው የሚቆጥረው። እንዳልሆነ ማስረዳት ያንተ ዕዳ ነው። ይግባኝ የለም። እንደገና ልሞክር ካልክ እንደገና 185።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ወዲህ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ሆኗል። ስለዚህ ቪዛ ያገኘውም በመጣ ቁጥር መክፈሉ ነው።

የቦሌ ታዛቢ፦ ናይሮቢ ሂዱ ወገን! ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ማንም የባንክ ስቴትመንት አይጠይቃችሁም።

የአራሷ እህት፦ ሕፃኗ ናይሮቢ ብትወለድ ኖሮ ጥሩ ነበር፣ ወንድሜ።

ፋይል አዘጋጅ፦ አንድ ነገር ግን አንርሳ። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 በኢትዮጵያ ላይ የቪዛ ገደብ ሲጥል ምክንያቱን ተናግሯል። መንግሥታችን እዚያ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመቀበል በበቂ አልተባበረም ነው ያሉት። በዚያ ውሳኔ የመደበኛው መጠበቂያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ሄደ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ዲፕሎማቶቻችን እንኳ ከክፍያ ነፃ መሆናቸው ቀረ።

ዲሲ ያለሁት፦ መንግሥታት በተጣሉ የአራስ እናት ምን ዕዳ አለባት? ለዲፕሎማቱ 90 ዩሮ ምኑም አይደለም። ጡረተኛዋ እኮ ናት የምትቆጥረው።

ፋይል አዘጋጅ፦ እሱ ላይ አልከራከርህም።

ሙኒክ ያለሁት፦ ከጋባዥ ወገን ልናገር። እዚህ ጀርመን ዘመድ የሚጋብዝ ሰው የእንግዳውን ወጪ እሸፍናለሁ ብሎ መሥሪያ ቤት ሄዶ ይፈርማል። የደመወዝ ወረቀት ያቀርባል፣ 29 ዩሮ ይከፍላል። እንግዳው ቢከለከል ያም አይመለስም። ስለዚህ የእምቢታ ወጪ ስትቆጥሩ በሁለቱም በኩል ቁጠሩ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ድሮ የጀርመን ቪዛ የተከለከለ ሰው "እንደገና እዩልኝ" ብሎ ያለ ክፍያ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ጉዳዩ እንደገና ይታይ ነበር። ከሰኔ 24 ቀን 2017 ጀምሮ ይህ በመላው ዓለም ቀርቷል። አሁን ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ፣ ወይ ሌላ 90 ዩሮ ከፍሎ ከዜሮ መጀመር። ለአንድ ወር ጉብኝት ማን በርሊን ይከሳል? ለእኔ ገንዘቡን ይያዙት። ግን በስድስት ወር ውስጥ የተጓደለውን ሰነድ ይዞ ለመጣ ሰው ሁለተኛው ማመልከቻ ነፃ ይሁን።

ፋይል አዘጋጅ፦ ይሄ ከመመለስ ይሻላል። ባዶ ፋይል ይዞ ዕድሉን የሚሞክረውን አይጠቅምም፤ በአንድ ወረቀት የተከለከለውን ይጠቅማል።

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ አሁንም ግማሹ ይመለስ ባይ ነኝ። ገቢው ከእምቢታም ከይሁንታም እኩል ከሆነ፣ በደንብ ለማየት ምን ያስገድዳቸዋል?

ፋይል አዘጋጅ፦ ከእምቢታ ባይገኝ ኖሮስ? ቪዛ የሚሰጡት ለገንዘቡ ነው ይባል ነበር። የአራሷ እህት፣ ያንኑ ፋይል መልሰሽ እንዳታስገቢ። የቤቱ ካርታ አለ? የጡረታ ደብተሯስ? ሌሎች ልጆቿ እዚህ እንዳሉ የሚያሳይ የልደት ካርድስ?

የአራሷ እህት፦ የጡረታ ደብተሩ ገብቷል። ካርታው በሟች አባቴ ስም ስለሆነ አላስገባነውም። የእኔም የልደት ካርድ አልገባም፤ ማንም አልነገረንም።

ፋይል አዘጋጅ፦ እንግዲያው ችግሩ እዚያ ሊሆን ይችላል። የውርስ ማስረጃውን ከካርታው ጋር አያይዙት።

የቦሌ ታዛቢ፦ የዕድሩም ደብዳቤ ይግባ። ለቀብር ቀርታ አታውቅም ይበል።

የአራሷ እህት፦ ሳቅኩ፤ ግን ሊቀመንበሩን እጠይቃለሁ። እናቴ ሌላ 90 ዩሮ አታውጡ ብላ ፓስፖርቷን ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ሕፃኗ ሴት ናት፣ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። ዛሬ 31 ቀኗ ነው። 45 ስደምርበት 76 ይሆናል። በነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ቀጠሮ፣ የውርስ ማስረጃና የአውሮፕላን ትኬት መገኘት አለባቸው። የቅርብ ቀጠሮ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።