ለተንከባካቢነት ወደ እንግሊዝ አገር፦ ከውጭ መቅጠር ቆሟል ወይስ አሁንም አለ? (ከባሕር ዳር)

ዘጌ ማዶ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልን። ባሕር ዳር በነርስነት ነው የምሠራው፤ ዲግሪና የክልሉ ጤና ቢሮ የሙያ ፈቃድ አለኝ። አንድ አስጓዥ «ለአረጋውያን ተንከባካቢነት የስፖንሰር ወረቀት ወጥቷል፣ ግማሹን ክፈይ» ይላል። ማስታወቂያዎቹም በድረ ገጽ ላይ በብዛት ይታያሉ። ይህ መንገድ አሁን ይሠራል? ካልሠራ በሙያዬ የሚሆን ምን አለ? ባለቤቴንና ልጄንስ መውሰድ እችላለሁ?

ግዮን ዳር
እህቴ፣ እባክሽ ምንም አትክፈይ። ከሐምሌ 15 ቀን 2017 (በፈረንጆቹ ጁላይ 22፣ 2025) ጀምሮ ተንከባካቢ ከውጭ አገር መቅጠር ተዘግቷል። ማስታወቂያዎቹ አሁንም የሚታዩት እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በሌላ ቪዛ ላሉ ሰዎች እስከ ጁላይ 22፣ 2028 ድረስ መቀየር ስለተፈቀደ ነው። እነሱም ቢሆኑ በዚያው ቀጣሪ ዘንድ ቢያንስ ሦስት ወር የሠሩ መሆን አለባቸው። አስጓዦቹ ይህን ማስታወቂያ አውጥተው ያሳያሉ፤ ሰውም ያምናል።

ወረቀቱን ካሳየሽ የሥራ መለያ ቁጥሩን ተመልከቺ። 6135 ወይም 6136 ከሆነ ተንከባካቢ ማለት ነው፤ ከባሕር ዳር ሆነሽ ብታመለክቺ ውድቅ ይሆናል። የነርስ ቁጥሮች በ2231 እና በ2237 መካከል ናቸው። ለስፖንሰር ወረቀቱ (ቀጣሪው ለቪዛ ማመልከቻ የሚሰጠው ማረጋገጫ) 525 ፓውንድ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው፤ ያንን ወደ ሠራተኛው ማዞር ተከልክሏል። ሠራተኛ ስፖንሰር ለማድረግ ፈቃድ ያላቸው ቀጣሪዎች ዝርዝርም በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። የድርጅቱ ስም እዚያ ከሌለ ነገሩ አለቀ።

ጣና ቂርቆስ
ግዮን ዳር በትክክል ነግሮሻል። የነርስ በር ግን አልተዘጋም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ባለባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። በእንግሊዝ የቅጥር መመሪያ መሠረት ኤጀንሲም ሆነ ሆስፒታል ከእነዚህ አገሮች ነርስ ፈልጎ መመልመል አይፈቀድለትም። አንቺ ግን በራስሽ ለወጣ የሥራ ማስታወቂያ በቀጥታ ማመልከት ትችያለሽ። ስለዚህ «ለመንግሥት ሆስፒታል ነርስ እመለምላለሁ» የሚል ሰው ከመነሻው ደንብ እየጣሰ ነው።

መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ጨርሺ። ነርሶችን የሚመዘግበው የእንግሊዝ የነርሶች ምክር ቤት (ኤን ኤም ሲ) አካዳሚክ አይ ኢ ኤል ቲ ኤስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ለማንበብ፣ ለማዳመጥና ለመናገር 7፣ ለጽሑፍ 6.5 ይጠይቃል። በአንዴ ካልሞላ በ12 ወር ውስጥ የተሰጡ ሁለት ፈተናዎችን ማጣመር ይቻላል፤ ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም ከ6.5፣ ጽሑፉም ከ6 መውረድ የለበትም። ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ መማርሽ ብቻውን አያድንሽም። ከገና ማግስት ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ጀምሮ የሠራተኛ ቪዛ የቋንቋ ደረጃ ወደ ቢ 2 (ከመካከለኛ በላይ) ከፍ ብሏል፤ ምክር ቤቱ የተቀበለውን ውጤት የያዘች ነርስ ግን ለቪዛው እንደገና አትፈተንም።

ከዚያ የምክር ቤቱ የኮምፒውተር ፈተና አለ፤ 15 የስሌትና 100 የሙያ ጥያቄ። የተግባሩ ፈተና እዚያው ከደረስሽ በኋላ ነው። ሥራ በጀመርሽ በ12 ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያውን ሙከራ መቀመጥ አለብሽ፤ በ8 ወር ውስጥ ደግሞ ማለፍ።

ባለቤትሽንና ልጅሽን መውሰድ ትችያለሽ። ክልከላው ከማርች 2024 ጀምሮ በተንከባካቢዎች ላይ ነው። በጤና ሠራተኛ ቪዛ ለጤና አገልግሎት የሚከፈለው ተጨማሪ ክፍያም የለም፤ ለቤተሰቡም ቢሆን።

ሽምብጥ
ሰው የሚወድቀው በፈተናው ብቻ አይደለም፤ በወረቀቱም ነው። ዲግሪው ላይ «ጽጌ» በላቲን ፊደል በ«ቲ ኤስ» ይጀምርና ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» ብቻ ይሆናል፤ የአያት ስምም አንዱ ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ ይጎድላል። ከማመልከትሽ በፊት ፓስፖርቱን፣ ዲግሪውን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የሙያ ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ ደርድረሽ ፊደል በፊደል አስተያዪ።

ሁለተኛው ችግር ዘመን ነው። ሐምሌ 2012 የተመረቀች ነርስ በፈረንጆቹ 2020 ነው የተመረቀችው። ተርጓሚው «2012» ብሎ ከተወው ስምንት ዓመት ያልሠራሽው ልምድ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ እንደ ማጭበርበር ሊታይ ይችላል። የፈቃድ ማረጋገጫው ደግሞ ከጤና ቢሮው በቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ መሄድ አለበት፤ በእጅሽ ይዘሽ የምትልኪው አይቆጠርም።

ስለ ጊዜው፦ የስፖንሰር ወረቀቱ የሚያገለግለው ሦስት ወር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ሰርተፊኬቱ ስድስት ወር ይሠራል። ኤክስሬዩ ጥርጣሬ ካሳየ የአክታ ምርመራ ይጨመራል፤ የእሱ ውጤት እስከ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። የስፖንሰር ወረቀት እስኪመጣ ጠብቀው ምርመራ የሚጀምሩ ሰዎች ወረቀቱ የሚቃጠልባቸው በዚህ ነው። የፖሊስ ማስረጃሽንም ቀድመሽ አውጪ። ለባለቤትሽና ለልጅሽ ደግሞ የወሳኝ ኩነት የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ ያስፈልጋል።

ዘጌ ማዶ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰውየው ያሳየኝ ወረቀት ላይ 6135 ይላል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ባንክ ውስጥ ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል?

ግዮን ዳር
ቢያንስ 1,270 ፓውንድ፣ ለ28 ቀን ሳይነካ። ለባለቤት 285፣ ለመጀመሪያ ልጅ 315 ይጨመራል። የስፖንሰር ፈቃዱ የኤ ደረጃ ያለው ቀጣሪ በስፖንሰር ወረቀቱ ላይ «የመነሻ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብሎ ምልክት ካደረገ የባንክ ማስረጃ አይጠየቅም፤ ሥራውን ስታገኚ ይህን በጽሑፍ ጠይቂያቸው። የ6135ቱን ሰውዬ ደግሞ ፓስፖርትሽን ሰጥተሽው ከሆነ ዛሬውኑ ተቀበዪው።