«ተማጽኖ» በየትኛው «ጸ» ነው? ከልመናስ በምን ይለያል?

ጸሐፊው ከፒያሳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ላይ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ላስቲክ ወጥሬ ክስና ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ አሁን በላፕቶፕ። «አቤቱታ» የምትለዋን ቃል ሳልጽፍ የዋልኩበት የሥራ ቀን ትዝ አይለኝም። ሰኞ ዕለት ግን አንዲት እናት አሸነፉኝ።

ልጃቸው የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወርድ ሰው ገጨ፤ ሰውየው ሞተ። ልጁ እጁን ሰጥቶ ታስሯል። እሳቸው የመጡት ለፍርድ ቤቱ አይደለም። የሟች አባት ፊደል የቆጠሩ ሰው ስለሆኑ፣ አበጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሎቹ፣ ለዕርቅ ሲሄዱ ይዘውላቸው የሚሄዱት ወረቀት ፈልገው ነው። እንደ ልማዴ «ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩና አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ እኔ ምን ጉዳይ አለኝ? ጉዳይማ የመንግሥት ነው። ተማጸንኩ በልልኝ» አሉ። «እለምናለሁ» ልበል ብላቸው «ዳቦም ይለመናል» ብለው ዝም አሉኝ።

አንዴ «ተማጽኖ»፣ አንዴ «ተማፅኖ» ብዬ ጻፍኩና ሁለቱንም አጠፋሁ። የምታውቁ ካላችሁ ሐሙስ ሳይደርስ ንገሩኝ።

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ፦
በፀሐዩ «ፀ» ነው። ሥሩ ግእዙ «ሐፀነ» ነው፤ አቀፈ፣ አሳደገ ማለት። «ሐፃኒ» ሞግዚት ነው። «ሕፅን» እቅፍ ነው፤ የአብርሃም እቅፍ በግእዙ «ሕፅነ አብርሃም» ነው የሚባለው። «ማሕፀን»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። «ተማሕፀነ» ከዚህ ወጣ፦ ራሱን ዐደራ ሰጠ፣ ከሰው ጥላ ሥር ገባ። አማርኛ ጉሮሮ ሲያስቸግረው «ሐ»ዋን ዋጣትና «ተማፀነ» ቀረ።

ልዩነቱም እዚያው ነው ያለው። ለማኝ የሆነ ነገር ይሰጠኝ ይላል። አቤቱታ አቅራቢ «አቤት!» ብሎ የሚጮኸው መብቴ ተነካ ብሎ ነው። ተማፃኝ ግን ራሱን አምጥቶ ሰው እጅ ላይ ያስቀምጣል፤ ያኛው ያሻውን ያድርግ። ኢያሱ ምዕራፍ 20ን ክፈትና እይ። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚሸሽባቸው ስድስቱ ከተሞች «መማፀኛ ከተሞች» ይባላሉ። የሸሸው ሰው መጀመሪያ ከከተማው በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሎች ይናገራል። የእኛን አበጋሮች አላስታወሰህም? እናታችን ቃል የመረጡት በዘፈቀደ አይደለም።

ሸዋ በር ያደግሁ፦
አብሽር ወንድሜ፣ እኔ ደግሞ ከቂርአት ቤት ልጨምርልህ። በዐረብኛም «ሒድን» እቅፍ ነው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ባልና ሚስት ሲፋቱ «ሐዳናው የማን ነው?» ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ሕፃኑን ማን አቅፎ ያሳድግ ማለት ነው። ከ«ማሕፀን» ጋር አንድ ሥር ናቸው።

ፊደሉንም ከዚሁ ትይዘዋለህ። በዐረብኛ ሷድ በሚባለው ፊደል የሚጻፉት ሶላትና ሶም በግእዝ ጸሎትና ጾም ናቸው፣ በጸሎቱ «ጸ»። ዷድ በሚባለው ፊደል የሚጻፈው ዱሓ፣ የረፋዱ ሶላት ስም፣ የፀሐይ ዘመድ ነው፤ በፀሐዩ «ፀ»። ሐዳናም በዷድ ነው። እንግዲህ ማሕፀንና ተማፅኖ ወዴት እንደሚሄዱ አንተው ፍረድ። ወላሂ፣ እኔን ይቺ ዘዴ ከስንት ክርክር ገላግላኛለች።

ከወረኢሉ፦
ጋዜጣው በሁለቱም ይጽፈዋል፤ በፊደል አትድከም። ይልቅ ወረቀት ምን ያደርጋል? እኛ ዘንድ ድንጋይ ተሸክሞ መውደቅ ነው። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ እንኳ ድንጋይ ተሸክመው ነው የሚባለው። ንጉሥ ያደረገውን የሹፌር እናት በኮምፒውተር ታሳልፈው?

ጸሐፊው ከፒያሳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወረኢሉው፣ ነገርህን ነገርኳቸው። «ድንጋዩንማ ወንድሙ ይሸከማል፤ ወረቀቱ ለእኔ ነው፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ አፌ አይፈታም» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ቡና አስመጥቼላቸው አብረን ጨረስነው። «ጉዳዩ»ን ሰረዝኩት፤ ቀኑንም ቁጥሩንም ሰረዝኩት። «እኔም ልጄም ከእጅዎ ገብተናል፤ ተማፅነናል» ብዬ ጀመርኩ፣ በፀሐዩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ልጄ ሳያውቅ፣ በጨለማ፣ ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚለው ላይ ስደርስ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«እሱን አውጣው።»

«እናቴ፣ እውነት አይደለም እንዴ?»

«እውነት ነው። እሱን እነሱ ይበሉት፤ እኔ አልልም።»

አወጣሁት። ዘጠኝ መስመር የነበረው አራት ቀረ። በትልቅ ፊደል አትሜ ሰጠኋቸው፤ በፌስታል ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱት። ሐሙስ ከአበጋሮቹ ጋር ይሄዳሉ።