ብቸኝነትን መከላከል የጤና በጀት ሥራ ነው ወይስ የጎረቤት?

የቤት ለቤት ነርስ፦
ጥያቄዬን ላስቀምጥና ተከራከሩበት። ጤና ጣቢያዎች ከበጀታቸው ቀንሰው ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ሠራተኛ ይቅጠሩ ወይስ ነገሩ የቤተሰብና የጎረቤት ነው ብለው ይተዉት? እኔ ይቅጠሩ ባይ ነኝ።

በየማክሰኞው የምጎበኛቸው አንድ አዛውንት አሉ። የደም ግፊታቸውን ለክቼ ስጨርስ «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» ይላሉ። መጀመሪያ መሣሪያውን ያላመኑት መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሁለተኛው ልኬት አምስት ደቂቃ ያስቀምጠኛል። አንድ ቀን ከ30 ክኒን 22ቱ ሳይነኩ አገኘሁ። ለምን እንዳልወሰዱ ስጠይቃቸው «ወሰድክ ወይ የሚለኝ ሰው የለም» አሉኝ። ሐኪም አላቸው፣ መድኃኒትም አላቸው።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትንታኔ 148 ጥናቶችንና ከ308 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ኮሚሽንም በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገምቷል።

የሒሳብ ባለሙያው፦
እህቴ፣ የአዛውንቱ ነገር ልቤን ነክቶታል። ቁጥሮቹን ግን እንዲሁ አላሳልፋቸውም። የታመመ ሰው ከቤት አይወጣም፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ደግሞ ወዳጆቹ አንድ በአንድ ይርቁታል። ታዲያ ብቸኝነቱ ነው ያሳመመው ወይስ ሕመሙ ነው ብቻውን ያስቀረው? በጀት ስመድብ ዓመታት አልፈውኛል። ኢንሱሊን ሲያልቅ ምን እንደሚከተል አይቻለሁ። «ትስስር» የሚባለውን በምን ልቆጥረው? በተደረገው ስብሰባ ብዛት? የማይለካው ሥራ የሚለካውን ሲበላ አይቼ ስለማውቅ ነው የምፈራው።

የቤት ለቤት ነርስ፦
ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ግን ሁለት ነገር ልመልስ። በካሊፎርኒያ አላሜዳ አውራጃ 7 ሺህ ያህል ሰዎችን ለ9 ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎቹ ሲጀመር የነበራቸውን ጤና፣ ማጨሳቸውንና መጠጣታቸውን ጭምር ከግምት አስገብቶ ነው ትስስር ያጡት አብልጠው እንደሚሞቱ ያገኘው። ሁለተኛው በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የተደረገው ነው። ሥልጠና የወሰዱ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሐሳብ የበዛበትን ሰው ያነጋግራሉ። ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ይህ ተፈተነ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተነጋገሩት 13.7 በመቶ፣ ከተለመደው በጥቂቱ የተሻሻለ እንክብካቤ ካገኙት ደግሞ 49.9 በመቶ ነበሩ።

የሒሳብ ባለሙያው፦
የሐራሬውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አያቶቹ ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍታት ዘዴ ተምረዋል። ያ ሕክምና ነው። አብሮ ከመቀመጥ ጋር አንድ አድርጋችሁ አታቅርቡልኝ።

ስሜን የማልጽፍ፦
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሁልጊዜ ዝም እላለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም። ያ ድር እኔንም አስሮኛል።

ባለቤቴ ሲመታኝ ወደ ጎረቤት እሸሻለሁ፤ ጎረቤት ዘመድ ይጠራል፤ ዘመድ ደግሞ «ገመናሽን አታውጪ፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብሎ ወደዚያው ቤት ይመልሰኛል። አራት ጊዜ ተመልሻለሁ። እንደዚያን ዘመን በሰው ተከብቤ አላውቅም። በአምስተኛው ያወጣችኝ ስሜን እንኳ የማታውቅ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ናት። ዛሬ ብቻዬን በምኖርባት ክፍል በሩን ከውስጥ ቆልፌ እተኛለሁ፤ እንቅልፌም ተመልሷል። ብቻ መኖርና ብቸኝነት አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ነርሷን የምጠይቃት አለኝ። የምትልኩት ሰው በሬን ሲያንኳኳ እምቢ ማለት እችላለሁ? የነገርኩትን ለማን ይናገራል? ጎረቤቴ ከሆነ ለባለቤቴ እህት እንደማይናገር በምን አውቃለሁ? ቅርርብ ሁሉ ጤና ነው ብላችሁ ከጀመራችሁ እንደ እኔ ያሉትን ነው የምትጎዱት።

የሦስት ወር ሕፃን አባት፦
እህቴ ያለችው ከባድ ነው፤ ለእሱ መልስ የለኝም። እኔ የማውቀውን ልጨምር። ልጃችን እንደተወለደ ሁለት ሳምንት ቤታችን በጠያቂ ሞልቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ፤ ባለቤቴ ማልቀስ የጀመረችውም ያን ጊዜ ነው። እኔ ከሥራ መጥቼ ምን ላድርግ እላታለሁ፤ እሷ መልስ የላትም። ከላይኛው ፎቅ ያለች ጎረቤታችን አንድ ምሽት መጣችና «ልጁን ለአንድ ሰዓት ስጡኝ፣ እናንተ ተኙ» አለችን። ምክር አልሰጠችም፣ አልጠየቀችንም። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣ ነበር።

የሚያሳፍረኝ ግን ይህ ነው፦ ያቺ ሴት ቤቷ ውስጥ አልጋ የያዙ አማት እንዳሏት የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። የጎረቤት ሥራ ነው ስንል የማን ሥራ ማለታችን ነው? ወንዶቹ ስንት በር አንኳኩተን እናውቃለን? በጎ ፈቃድ እየተባለ የሚጫነው ሁሉ የሚያርፈው ሴት ትከሻ ላይ ነው። ሥራ ከሆነ ይከፈልበት።

የከተማ ዕቅድ ባለሙያው፦
ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት መንገዱን እዩት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎን የመታው ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ድህነታቸውም ሆነ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ቁጥር የሚቀራረብ ሁለት አጎራባች ሰፈሮች ነበሩ፤ የአንደኛው የሞት መጠን ከሌላው በአሥር እጥፍ ይበልጥ ነበር። ጉዳዩን ያጠናው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ኤሪክ ክላይነንበርግ የጠቆመው መንገዱን ነው። ብዙ ሰው ባልሞተበት ሰፈር ሱቁ ክፍት፣ የእግረኛ መንገዱ በሰው የተሞላ ነበር፤ አረጋውያኑም ይወጣሉ። በሌላው ባዶ ቦታና የተዘጋ ሱቅ ስለበዛ ሰው በሩን ዘግቶ ቀረ። ጥላ ያለበት መቀመጫ ማንንም አያስገድድም፤ የፈለገ ይቀመጣል፣ ያልፈለገ ያልፋል። ስሟን ያልጻፈችው እህታችን የፈራችውንም አያመጣም።

የቤት ለቤት ነርስ፦
የእኔ አዛውንት ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፤ ጉልበታቸውም ደረጃ አይወርድም። መቀመጫው አይደርስላቸውም።

የሒሳብ ባለሙያው፦
እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ሁለት ተመሳሳይ አካባቢዎች ይመረጡ፤ በአንዱ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጠያቂዎች ይሰማሩ፣ በሌላው እንደነበረው ይቀጥል። በዓመቱ ሳይወሰድ የቀረውን ክኒንና ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣውን ሰው እንቁጠር። ለውጥ ከሌለ እንዲዘጋ አሁኑኑ እንስማማ። የመድኃኒት በጀት ግን አይነካ፤ ከእሱ አንድ ሳንቲም ብትቀንሱ እኔ ተቃዋሚ ነኝ።

የቤት ለቤት ነርስ፦
እስማማለሁ፤ መድኃኒቱንም አልነካም። ለጽሕፈት ቤት እድሳት ከሚወጣው ይጀመር። አንድ መለኪያ ግን ይጨመር፦ ጠያቂ አልፈልግም ያለው ሰው ስንት ነው፣ እምቢታውስ ተከብሮለታል? ምስጢር ያወጣ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይሰናበት። ጠያቂውም ከሌላ ሰፈር ይምጣ።

ስሜን የማልጽፍ፦
ይህ በጽሑፍ ከሰፈረ እኔም ከሚያንኳኩት አንዷ እሆናለሁ። እንደ እኔ ያለችውን ሴት ገና በሯን ስትከፍት ነው የማውቃት። ደመወዜ ግን በየወሩ ይከፈለኝ።