የኮምቦልቻው ሲሎና ጭልፊቶቹ፦ ጥገናው ይቀጥል ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ይኸውና። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ ከሲሎዎቹ (ከእህል ማከማቻዎቹ) በላይ በሚወጣው፣ እህል ወደ ላይ በሚያነሳው የኤሌቬተር ማማ ላይ ጥንድ ፔሬግሪን ጭልፊት እንቁላል ታቅፏል። ጎጆው በምዕራብ በኩል ባለው ብረት መደብ ላይ ነው። ሴቷ ሳትነሳ መታቀፍ የጀመረችው የካቲት 10 ገደማ ነው። ፋብሪካው በመጋቢት የሲሎውን ጣሪያ ሊደፍን፣ ማማውን ፍቆ ቀለም ሊቀባ፣ ርግቦቹንም ሊያጠፋ አስቧል። ይቀጥል ወይስ ይቆይ? የፋብሪካው ስም እዚህ እንዳይጻፍ።

ይማም፦ ይቀጥል። የሲሎ ጣሪያ የሚያፈሰው በቆርቆሮው መሃል አይደለም፣ በብሎኑ ዙሪያ ነው። ከብሎኑ ሥር ያለው የጎማ ዋሸር ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ውሃው የብሎኑን ጥርስ ተከትሎ ይወርዳል። ጠብታው ያረፈበት ስንዴ ይጓጉላል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ሻጋታው ዙሪያውን ይዘምታል። ስንዴ ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ሲሎ ውስጥ መክረም የለበትም። በልጉ ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። ለሁለት ወፍ ተብሎ የስንት ቤት ዳቦ ሊሻግት ነው?

ዘሐራ፦ ጋሽ ይማም፣ ስለ ጣሪያው ያሉት ልክ ነው። ግን ጣሪያና ማማ ለምን አንድ ሥራ ሆኑ? ጣሪያው ከጎጆው በታች ነው፣ ማማው ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ግን ከጎጆው በላይ ይሆናል። ጭልፊት ከበላዩ የመጣን ሰው እንደ አደጋ ያያል፤ ከበታቹ የሚያልፈውን፣ የመኪናውንም የወፍጮውንም ጩኸት ይለምደዋል። ስለዚህ ጣሪያው አሁን ይደፈን፣ ማማው ይቆይ።

ቀኑን ልቁጠርላችሁ። መታቀፉ ከ29 እስከ 32 ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ መጋቢት 9 እና 12 መካከል ይፈለፈላሉ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ጫጩቶቹ የራሳቸውን ሙቀት መያዝ አይችሉም፣ እናቲቱ ከተነሳች ይበርዳቸዋል። ለመብረር ከ35 እስከ 42 ቀን ይፈልጋሉ፤ ይህ ወደ ሚያዝያ 24 ያደርሰናል። አንድ ወር ሊሞላቸው ሲል ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ሰው ከተጠጋ ክንፋቸው ሳይጠና ይዘላሉ። ከሲሎ ጫፍ አስፋልት ላይ።

ሁሴን፦ ቆዩማ፣ መጀመሪያ ወፉ ይታወቅ። በወሎ ገደላ ገደል የሚበዛው ላነር ጭልፊት ነው። ላነር ከሆነ ይህ ሁሉ ስሌት ለምን?

ዘሐራ፦ ሁሴን ወንድሜ፣ ስሌቱ ብዙም አይለወጥም፣ ላነርም የሚታቀፈው ለአንድ ወር ያህል ነው። መለያውን ግን እንካ፦ ላነር አናቱ ቀይ ቡና ነው፣ ከዓይኑ ሥር የሚወርደው ጥቁር መስመርም ቀጭን ነው። ይቺ ራሷ እስከ ጉንጯ ጥቁር ነው፣ መስመሩም ሰፊ፤ ሆዷ ላይ አግድም ጥቁር ሰረዞች አሉ። ስትቀመጥ የክንፏ ጫፍ ጅራቷ ጫፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፣ የላነር ጅራት ግን አልፎ ይታያል። ወንዱ በሲሶ ያህል ስለሚያንስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሰው ሁለት ዓይነት ወፍ ይመስሉታል።

ሁሴን፦ እሺ፣ የወፏን ፎቶ ደግሜ አየሁት፣ ጉንጩ ጥቁር ነው። ግን በዓለም ደረጃ ሊጠፋ የተቃረበ ወፍ አይደለም። ይህን ለምን አትናገሪም?

ዘሐራ፦ አይደለም፣ እውነት ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መርዝ የእንቁላሉን ቅርፊት አቅጥኖት የታቀፈችው እናት ራሷ እየሰበረችው በአሜሪካና በአውሮፓ ሊያልቅ ነበር። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች፣ ወፉም በ1999 ከአደጋ ዝርዝር ወጣ። የተረፈው በአብዛኛው መርዙ ስለተከለከለ ነው። እዚህ ሲሎ ላይ የምፈራው ደግሞ መርዙን ነው፣ አቶ አበራ ያነሱታል ብዬ እጠብቃለሁ።

አበራ፦ አነሳዋለሁ እንጂ! ርግቧ ስንዴው ላይ ትኮሳለች፣ ላባዋ ወንፊት ይደፍናል። ጭልፊቶቹ ይጨርሷቸዋል የሚለውን ተረት ተዉት፤ ርግብ ዓመቱን ሙሉ ትፈለፍላለች፣ ጭልፊት በቀን የሚይዘው ጥቂት ነው። መርዝ የነካው በቆሎ ጣሪያው ላይ መበተን ነው፣ በሁለት ቀን ያልቃል።

ከድጃ፦ በጥራት ቁጥጥር ዓይን ልመልስልህ አበራ። ጭልፊት ርግብ አይጨርስም ያልከው ልክ ነው። መርዙ ግን ከወፍ ጉዳይ በፊት የዱቄት ጉዳይ ነው። መርዝ የበላች ርግብ ወዲያው ላትሞት ትችላለች፤ በኤሌቬተሩ ራስ ትገባና እህሉ ውስጥ ትወድቃለች። ያን ስንዴ ማን ፈርሞ ያስፈጨዋል? እየተንገዳገደች የምትበር ርግብ ደግሞ ጭልፊት ቀድሞ የሚይዛት ናት። ካርቦፉራን ዓይነቱ መርዝ በርግቧ በኩል ጭልፊቱንም ይገድለዋል።

የሚሠራው መንገድ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ጭነት በሚራገፍበት ጉድጓድ ዙሪያ የፈሰሰውን እህል በየፈረቃው መጥረግ፤ ርግብ የምትመጣው ለእሱ ነው። የኤሌቬተሩን ራስና የአየር መውጫዎቹን ቀዳዳው 50 ሚሊሜትር በሆነ መረብ መዝጋት፤ ድንቢጥም ካስቸገረች 20 ሚሊሜትር። ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጥ ያለችው ሁሉ መውጣቷን አረጋግጡ፣ አለዚያ ውስጥ ሞታ ትበሰብሳለች። ርግብ የምትታቀፈው ከ17 እስከ 19 ቀን ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ እንቁላሉን ማንሳት በቂ ነው። ማማው ላይ ያሉት መውጫዎች ግን እስከ ግንቦት ይጠብቁ፣ ከጎጆው በላይ ናቸው።

አበራ፦ መረብ ብር ነው፣ መርዝ ርካሽ ነው። ሌላ ምን ልበል።

ከድጃ፦ አንድ ሲሎ ስንዴ የጣልክ ዕለት ርካሹን ታየዋለህ።

ይማም፦ ዘሐራ ልጄ፣ ጣሪያውን አሁን እንሥራ ካልሽ ተስማማሁ። በስንት ሰዓት? ወፏ ተነስታ እንቁላሉ ቢበላሽስ ማን ይጠየቃል?

ዘሐራ፦ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ጎጆው ወደ ምዕራብ ስለዞረ እስከ ቀትር ጥላ ነው፤ ባዶ የቀረ እንቁላልን ከብርዱ ይልቅ የቀትር ፀሐይ ቶሎ ይገድለዋል። ለእርስዎም ያመቻል፣ ጤዛው ደርቆ ማሸጊያው ይይዛል፣ ቆርቆሮውም እጅ አያቃጥልም። አንድ ሰው ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ በሩቅ ማሳያ መነጽር ይከታተል፣ ስልኩ ክፍት ይሁን። ሴቷ «ካክ ካክ» እያለች ከዞረችና በ15 ደቂቃ ውስጥ ተመልሳ ካልታቀፈች ሠራተኛው ይውረድ። ሥራው መጋቢት 9 ሳይደርስ ይለቅ።

ይማም፦ የብሎኑን ሥራ ለኔ ተዉት። አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው፣ ሁሉንም ፈትቶ አይደለም። ከመጠን በላይ ካጠበቁት ጎማው ወደ ውጭ ይገፋና ዳግመኛ ያፈሳል። ማማው ላይ ግን አልተስማማሁም። የተከራየነው የብረት መወጣጫ ለመጋቢት ነው፣ ለሁለት ወር ቆሞ ይቆጠርብን?

ሁሴን፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኔም ከእርስዎ ጋር አልቆምም። የአየር እርጥበቱ ከ85 በመቶ ካለፈ፣ ወይም ብረቱ ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ካልሞቀ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ፕራይመር አይቀባም። በበልግ ስንት ንጋት ይህን ያሟላል? የተፈቀ ብረት ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ቀይ ዝገት ለብሶ ያገኙታል፣ እንደገና መፋቅ ነው። መወጣጫው ባዶውን የሚቆመው ወፍ ባይኖርም ነው። በዚያ ላይ ከ40 ሜትር ላይ ጭልፊት ጀርባው ላይ የወረደችበት ሠራተኛ ቀበቶው ይያዘው እንጂ መደንገጡ አይቀርም።

አበራ፦ መጥረጊያ ከራሱ በላይ ይያዝ፣ የምትመታው ከፍ ያለውን ጫፍ ነው።

ሁሴን፦ ጫጩት ላይ ቀለበት የሚያስሩ ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ እንዲያ ያደርጋሉ። ቀኑን ሙሉ በአንድ እጅ መጥረጊያ፣ በአንድ እጅ ግራይንደር? ኧረ ተው!

ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። እንቁላሉ ያለው በእህል ብናኝ ላይ ነው። ዝናብ ሲመታው ጭቃ ይሆናል። አሁኑኑ ጠጠር ያለበት ሳጥን ብናስገባላቸውስ?

ዘሐራ፦ አሁን አይሆንም፣ እሱን ለማስገባት ማማው ላይ መውጣት ያስፈልጋላ። ለሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት ይሰቀል። 90 በ60 ሴንቲሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ከፊት 12 ሴንቲሜትር ከንፈር፣ ወለሉ ላይ ባለ10 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች፣ ውስጡ 8 ሴንቲሜትር ያህል ጠጠር። ጠጠሩ የታጠበ፣ ድቡልቡልና እንደ አተር ያነሰ የወንዝ ጠጠር ይሁን፤ የተፈጨው ሹል ነው፣ እንቁላል ይጎዳል። ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ምሥራቅ ይዙር።

ሁሴን፦ ዘንድሮስ? እንቁላሉ ጭቃ ውስጥ ቢሰጥም ዝም ብለን እናያለን ማለት ነው?

ዘሐራ፦ አዎ፣ ዘንድሮ እናያለን። ብንወጣ ጉዳቱ እርግጠኛ ነው፣ ዝናቡ ግን ላያገኘው ይችላል።

ሁሴን፦ በዚህ አልተስማማሁም፣ ተመዝግቦ ይያዝልኝ።

አወያይ፦ ተመዝግቧል። ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ይለጠፍ የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶኛል።

ከድጃ፦ አይለጠፍ። ለጭልፊት ብዙ ገንዘብ የሚከፍል የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ገበያ አለ። ፔሬግሪን ዓለም አቀፍ ንግዱን በሚገዛው ሳይተስ ስምምነት ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ዝርዝር ውስጥ ነው፣ በእኛም አገር የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ግን ሌባ አዋጅ አንብቦ አይመጣም። የሚበሉትን ለማወቅ የፈለገ ከማማው ሥር ይልቀም፦ የርግብ ሁለት ክንፍ ከትከሻው ጋር ተያይዞ ከተገኘ፣ የደረቱም አጥንት ጠርዙ በመንቆር ከተሸረፈ የጭልፊት ሥራ ነው። ድመት እንዲህ አይበላም።

ይማም፦ እንግዲህ ጣሪያው ሰኞ ይጀመራል። ማማውን በተመለከተ፣ ኪራዩ ከአሁኑ ለግንቦት 1 ካልተዛወረ ሰኔ ይገባል፣ ክረምቱም ይይዘናል። ያኔ በወፏ እንዳታላክኩ።