የእድራችን ዕቃ ቤት እድሳት፦ ረቂቁ ይኸው፣ አንብባችሁ መልሱ

ጸሐፊው (ሚያዝያ 21)
እሁድ በጭቅጭቅ ስለተበተንን ረቂቁን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። የዕቃ ቤቱ ጣራ በበሩ በኩል ያፈሳል። ቆርቆሮው ዝጎ አልቋል፤ አሸንዳው ከወደቀ ሁለት ክረምት ሆነው፤ ውሃው ግድግዳው ሥር እያረፈ ጭቃውን አርግፎ ማገሩን አውጥቶታል። የታሰበው ይህ ነው፦ ጣራና አሸንዳ 118 ሺህ፤ አንዱን ግድግዳ ሙሉ ይዞ፣ ከቤቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራ ቁም ሳጥን (ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ) 131 ሺህ፤ ልስን፣ ቀለምና ወለል 36 ሺህ። ድምሩ 285 ሺህ ብር። ለእድሳት የተያዘው 87 ሺህ ነው። የጎደለው 198 ሺህ ለ132 አባል ሲካፈል 1,500 ብር ይደርሳል። ክረምት ሳይገባ መጀመር አለበት።

አባል 87
1,500?? ለወንበር ያዋጣነው የት ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ
ያለው አለ፣ የተሰበረው ተሰብሯል። ለልጅህ ሰርግ 60 ወስደህ 51 የመለስከው አንተ ነህ። መዝገቡ እኔ ጋ ነው።

አባል 87
9ኙን ከፍያለሁ!

ገንዘብ ያዥ
የ4ቱን።

የወጥ ቤት ተጠሪ
ትልቁ ድስት አፉ 70 ሳንቲ ነው፣ ጆሮውን ሳይጨምር። 60 ሳንቲ ውስጥ በምን በኩል ይገባል?

አባል 19
ሥራዬ አናጺነት ስለሆነ ልናገር። ትናንት ገብቼ አይቼዋለሁ። እዚያ ግድግዳ ላይ ፊሸር አይሠራም፤ ጭቃና ጭድ ብሎን አይዝም። ቁም ሳጥኑ በራሱ እግር ቆሞ ክብደቱን ወለሉ ላይ ይጣል። ጀርባው ከግድግዳው 5 ሳንቲ ይራቅ፣ አየር ካላገኘ ይሻግታል። ቱንቢ ጥዬ ነበር፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች 7 ሳንቲ ዘሟል። በሦስት ቦታ ሳይለካ ዋጋ የሰጣችሁ ሰው በኋላ በጎን የቀረውን ክፍተት በምን ይሸፍነዋል? ቺፑድ ደግሞ አታስቡ። እርጥበት ሲያገኘው እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል፤ ካበጠ ማጠፊያው ከነብሎኑ ይነቀላል። መደርደሪያው ባለ 18 ሚሊ ከሆነ በየ60 ሳንቲው ቋሚ ይግባለት፣ አለበለዚያ በድስት ክብደት ዓመት ሳይሞላው ይጎብጣል።

ሌላም አለ። ከአሮጌው መጋረጃ ጀርባ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ባለ ሁለት በር መደርደሪያ አለ። ጽድ ነው። በቢላ ጫፍ ትንሽ ብፍቀው ሽታው አሁንም አለ። ምስጥ አጠገቡ ያለውን የባሕር ዛፍ ወጋግራ ዱቄት አድርጎት እሱን አልነካውም። እሱን አጽድተን፣ ከእሱ ጋር አስማምተን ብንሠራ ግማሹ ወጪ ይቀራል። ንድፉን በነጻ እሠራለሁ፣ እስከ ቅዳሜ።

ጸሐፊው
እግዜር ይስጥልን። ቅዳሜ እንጠብቃለን።

የአባል 52 ልጅ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)
አባዬን ወክዬ ነው። እኔም እዚህ አሜሪካ አሮጌ ቤት ገዝቼ ሳሎኑን ከግድግዳ ጋር በተያያዘ ካቢኔት አሠርቼዋለሁ፣ ፎቶውን ተመልከቱ። የላይኛው በር መስታወት ቢሆን ቤቱ ይከፈታል፣ ዕቃውም ሳይከፈት ይታያል። የመስታወቱን እኔ እችላለሁ።

አባል 3
መስታወት ካለው ቁም ሳጥን አይባልም። ብፌ ነው። እድር ብፌ አይሠራም።

የአባል 52 ልጅ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)
ጋሼ፣ ስሙ ምን ያደርጋል?

አባል 3
ስሙማ ሁሉን ያደርጋል። ቁም ሳጥን ዕቃ ይይዛል፣ ብፌ ዕቃ ያሳያል። እኛ የምንሠራው በሰው ሐዘን ላይ ነው። ለማን ነው ሰሃን የምንደረድረው?

አባል 41
ብፌ የሚባለው ለብቻው የቆመ፣ ተነስቶ የሚሄድ ዕቃ ነው። ይሄ ከግድግዳው ጋር ስለሚሠራ አይነቃነቅም። ስለዚህ ብፌ አይደለም።

አባል 3
እኔ ቤት ያለው ከ1971 ጀምሮ ተነስቶ አያውቅም። ታዲያ ምንድን ነው?

አባል 87
ብፌ የሰርግ ምግብም ነው 😂

አባል 41
ጋሼ፣ የታችኛው ሰፈር እድር ባለመስታወት አሠርቷል። ለቅሶ ሄደን አይተናል። እኛ ሰሃን በማዳበሪያ ከረጢት እናወጣለን።

አባል 3
የታችኛው ሰፈር! እነሱ ገና ሳይሰባሰቡ እኛ በአንድ ሸራና በሦስት ድስት ሰው ቀብረናል። ቤቱ በ1967 በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ተብሎ ሲወረስና በኋላም ለእድራችን እንዲሰጠን ደጅ ስንጠና አንተ አልተወለድክም። ዛሬ መስታወት ታስተምረኛለህ?

አባል 41
መወለዴን ምን አመጣው?

አባል 3
ስሜ ከመዝገቡ ይሰረዝ።

ገንዘብ ያዥ
ጎበዝ፣ የመስታወቱ ልዩነት 22 ሺህ ነው። ለ132 ሰው 167 ብር አይሞላም። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?

አባል 110
ነገሩ የገንዘብ አይደለም።

አባል 87
የገንዘብ ነው እንጂ! ደግሞ መስታወቱ ሲሰበር ማን ይከፍላል? የልጆች ኳስ አለ።

አባል 110
ዕቃ ቤት ውስጥ ማን ኳስ ይጫወታል?

የወጥ ቤት ተጠሪ
ስለ ድስቱ የመለሰልኝ የለም።

ጡሩምባ ነፊው (ሚያዝያ 27)
ለቅሶ። የአባል 64 እናት ዐርፈዋል። ቀብር ነገ 7 ሰዓት። ድንኳን ዛሬ ማታ ይተከላል፣ የተራ ቁጥር 20 እስከ 40 ውጡ።

ጸሐፊው
ነፍስ ይማር። ውይይቱ ከሣልስቱ በኋላ ይቀጥላል።

የወጥ ቤት ተጠሪ (ሚያዝያ 30)
ሌሊት 9 ሰዓት በስልክ መብራት ነው ዕቃ ያወጣሁት። ድስቶቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ ስለተሰካኩ መካከለኛውን ለማውጣት አምስት ማውረድ አለብኝ። የታችኛው ሁለቱ ተጣብቀው በመዶሻ ነው ያላቀቅናቸው። ድንኳኑ ከታች ጥቁር ጥቁር ነጥብ አውጥቶ ይሸታል። ለቀስተኛው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ አይቻለሁ።

አባል 3
ስሜ ይሰረዝ ያልኩትን ተዉት። ያ ልጅ ሌሊት ምሰሶውን ብቻውን ነው የተሸከመልኝ። ብፌ መሆኑ ግን ብፌ ነው።

አባል 41
እሺ ጋሼ።

ጸሐፊው (ግንቦት 6)
አባል 19 ንድፉ እንዴት ሆነ? ሁለት ቅዳሜ አለፈ።

ጸሐፊው (ግንቦት 9)
አባል 19?

አባል 87
ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ባለቤቱ ነች የነገረችን። ለመሆኑ ያ የጽድ መደርደሪያ ተነቅሎ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?

አባል 110
አትነካካው።

ጸሐፊው
ወረዳ ሄጄ ነበር። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ጣራ ለመንካት ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ገብቷል፣ “ተመላለሱ” ተብያለሁ። ለቁም ሳጥን ፈቃድ አይጠየቅም።

አባል 41
እንግዲያው የማይጠየቅበትን እናስቀድም። መስታወት ደግሞ በዚያ ጨለማ ዕቃ ቤት ምን ይሠራል? ማንም አያየውም። አዳራሹ ውስጥ ይሁን፣ የአዳራሹ ጣራ አያፈስም።

አባል 110
አዳራሹ ጠባብ ነው፣ 60 ሳንቲ ከወሰደብን ወንበር አንድ ረድፍ ይቀንሳል። 40 ይበቃዋል።

አባል 87
ጣራው ከቀረ መዋጮው ይቀንሳል ማለት ነው?

ገንዘብ ያዥ
ከነመስታወቱ 153 ሺህ። 87 ሺህ አለን። የጎደለው 66 ሺህ፣ በአባል 500 ብር።

አባል 87
እደግፋለሁ።

አባል 23
እደግፋለሁ

አባል 118
500 ከሆነ እሺ

አባል 76
ቆይ። ፒያሳ በ2016 እንዴት እንደተነሳ አይታችኋል። ነገ ኮሪደር ልማት እኛ ጋ ቢደርስ ግድግዳው ላይ የለፋነው ሁሉ ከፍርስራሹ ጋር ይሄዳል። ተፈቶ የሚጫን ተደርጎ ይሠራ።

አባል 41
እውነት ነው። በብሎን ይያያዝ፣ ከግድግዳው ጋር አይገናኝ። ተነሱ ከተባልን ፈተን እንጭነዋለን።

አባል 3
እንግዲህ አሁን ለብቻው የቆመ፣ ተነስቶ የሚሄድ ሆነ?

አባል 41
አዎ ጋሼ።

አባል 3
ብፌ ነው በለኛ!

አባል 41
...

አባል 110
😂😂

አባል 3
ረቂቁ ላይ “ብፌ” ተብሎ ከተጻፈ ተቃውሞ የለኝም። የጠላሁት ብፌውን ሳይሆን በሌላ ስም ማስገባቱን ነው።

ገንዘብ ያዥ
ከሲልቨር ስፕሪንግ የተባለው የመስታወት ገንዘብ ይላካል ወይስ ከ500ው ውስጥ ነው? ሁለት ጊዜ በውስጥ መስመር ጽፌ አልተመለሰልኝም።

አባል 52
ልጄ ሥራ በዝቶበት ነው። በኔ በኩል 500ውን እከፍላለሁ።

ጸሐፊው (ግንቦት 24)
የተሻሻለው ረቂቅ። “ለአዳራሹ የሚሠራ ተነቃቃይ ባለመስታወት ብፌ፣ ጥልቀት 40 ሳንቲ፣ 153 ሺህ ብር።” አናጺው ጥልቀቱ ስለቀነሰ ዋጋ አልቀንስም ብሏል፤ ተፈቺ መሆኑ ሥራ ይጨምራል ነው የሚለው። መዋጮው 500፣ እስከ ሰኔ 15። ጣራና አሸንዳ ወደ ሁለተኛ ዙር ተላልፏል፣ የወረዳው ፈቃድ ሲመጣ። ልስንና ቀለም በተራ ቁጥር 9 “ልዩ ልዩ” ውስጥ ገብቷል። ድንኳኑ በክረምቱ አዳራሹ ጥግ ይቀመጥ። ዛሬ ቀብድ 50 ሺህ ተከፍሏል፣ ደረሰኙን ገንዘብ ያዥ ይዟል።

አባል 87
ከማጽደቃችን በፊት ነው ቀብድ የተከፈለው?

ጸሐፊው
23 ሰው “እደግፋለሁ” ብሏል። ብረት በየቀኑ እንደሚጨምረው መስታወትም ይጨምራል።

አባል 110
የመስታወቱ ፍሬም ቡና ዓይነት ይሁን፣ ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል።

አባል 3
ነጭ ነው የሚያምረው።

አባል 41
ቡና ዓይነት።

የወጥ ቤት ተጠሪ
40 ሳንቲ ብፌ ውስጥ 70 ሳንቲ ድስት። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቀው።

ጸሐፊው
እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ አምልጦን ነው። ሁለተኛው ዙር እስኪጀመር ትልቁን ድስት ለጊዜው እርስዎ ቤት ቢያስቀምጡልን?

የወጥ ቤት ተጠሪ
ከመስቀል ጀምሮ እኔ ጓዳ ነው ያለው።