ፈረንሳይ ውስጥ ያረጀ ግንብ በኖራ ለመጠገን በበጎ ፈቃድ መሄድ፦ ምን ላውቅ?

ጥያቄ፦ ሰማያዊ በር
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። በራምፓር (የቅርስ ጥገና በጎ ፈቃድ ማኅበራት ኅብረት) ሥር ካሉት የፈረንሳይ ማኅበራት አንዱ በሐምሌ ለሁለት ሳምንት የበጎ ፈቃድ ሥራ ተቀብሎኛል፤ የአሮጌ ቤተ መንግሥት ግንብ ፉጋ (በድንጋዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ) በኖራ መሙላት ነው። እጄ የለመደው የሲሚንቶ ማልታ (ድንጋይ የሚያያይዘው ውህድ) ብቻ ነው። ምኑ ይለያል? ምንስ ይበላሻል? ቪዛውንም የምታውቁ ንገሩኝ። እህታችሁ።

መልስ፦ ኖራ በባልዲ
እህቴ፣ ልዩነቱ ውሃ ላይ ነው። ግንቡ የጠጣውን ዝናብ በኖራው ፉጋ በኩል መልሶ ያስወጣዋል። ፉጋው በሲሚንቶ ከተደፈነ ግን ውሃው በድንጋዩ ፊት መውጣት ይጀምራል፤ ጨው እዚያው ይጠራቀማል፣ በብርድ ወራት ውሃው በረዶ ሆኖ ይለጠጣል፣ ድንጋዩም ይላጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያሠሩሽ የቀድሞ ጥገና ሲሚንቶ ማውጣት ሊሆን ይችላል። በመሮና በመዶሻ አውጪው፤ ግራይንደር (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ) የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል። የምታወጪው ጥልቀት የፉጋው ስፋት እጥፍ ይሁን፣ ከ25 ሚሊ ሜትርም አይነስ።

ከላይ ወደ ታች እየወረድሽ አቧራውን ጥረጊ፣ ከዚያ ውሃ አጠጪው። ደረቅ ድንጋይ የማልታውን ውሃ መጥጦ ኖራውን ዱቄት ያደርገዋል፤ ውሃ ያቆረ ፉጋ ደግሞ ማልታ አይዝም። እርጥብ ሆኖ የማያብረቀርቅ ነው የሚፈለገው።

ውህዱ፣ 3.5 የሚባለው (ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃው ነው) ሃይድሮሊክ ኖራ፣ ማለትም በውሃ የሚጠነክረው ዓይነት ከሆነ፣ 1 ባልዲ ኖራ ለ2.5 ባልዲ አሸዋ የተለመደ ነው። አሸዋው ሻካራ፣ ከደቃቅ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የተሰባጠረ ይሁን። ማልታው ሲቦካ ውሃ አይብዛበት፤ ሲጨብጡት ኳስ የሚሆን ይሁን። ጥልቅ ቀዳዳ በአንዴ አይሞላም፣ በንብርብር ነው። ላዩን ወዲያው እንዳታለሰልሺው! አውራ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድበት ሰዓት ጠብቀሽ በጠንካራ ብሩሽ ጫፍ ደብድቢው፤ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ገጹም ይተነፍሳል።

መልስ፦ ጆንያና ውሃ
በባልዲ አሰፋፈሩ ላይ ልጨምር። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ዝናብ ያገኘውን እንደ ደረቁ ከሰፈርሽው፣ እውነተኛው አሸዋ ያንስና ኖራው ይበዛል፤ ፉጋውም ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የሐምሌ ፀሐይ ነው። ኖራ ቀስ ብሎ እንዲጠነክር እርጥበት ይፈልጋል፤ ጆንያ አርጥባችሁ ሸፍኑት፣ ለበርካታ ቀናትም ውሃ ርጩበት። ዓርብ ከሰዓት ተሞልቶ ቅዳሜና እሁድ የሚያጠጣው ያጣ ፉጋ ሰኞ በጣት ይፈረፈራል። ተረኛ መመደብ አለበት።

ኖራ ያቃጥላል። የጎማ ጓንት ያዢ (የቆዳው ይርስና እጅ ያቆስላል)፣ የዓይን መከላከያም አይለይሽ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ። ጫፉ ላይ ብረት ያለው ጫማና የቴታነስ ክትባትም አትርሺ።

መልስ፦ ሰነድ አዋቂ
የሼንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፣ እንደ ደንቡም ቢዘገይ ከጉዞው 15 ቀን በፊት መግባት አለበት፤ የቀጠሮ ወረፋም አለ። የግብዣ ደብዳቤው ቀኑን፣ ማረፊያውን፣ ምግቡን ማን እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ነው፦ መድኑ የእጅ ሥራን ሊያገል ይችላል፤ የግንባታ ሥራን መሸፈኑን በጽሑፍ ጠይቂ። ቪዛው ከተከለከለ የተሳትፎ ክፍያው ይመለስ እንደሆነም ሳትጠይቂ አትክፈይ።

ሰማያዊ በር
እግዜር ይስጥልኝ! ይህ ለጎንደር ይሠራል?

መልስ፦ ኖራ በባልዲ
ይሠራል። ፋሲል ግቢ በኖራ የተገነባ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ላይ ግን ሲሚንቶ ገብቷል። በጎንደር በረዶ አይጋገርም፣ የክረምቱ ዝናብና ጨው ግን አለ፤ ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ቢችለውም በመስኮትና በበር ቅስቶች ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ ለስላሳ ነው። ስለዚህ የፈረንሳዩን መጠን እንዳለ አትቅጂ። የአካባቢውን ኖራና አሸዋ ይዘሽ በማይታይ ጥግ ሦስት ዓይነት ውህድ ሞክሪ፤ ማልታው ከድንጋዩ የለሰለሰ መሆን አለበት።